እትዬ ከይሪያ ቻይና የሄዱ ጊዜ

ጋምቤላ
ጥቅምት 8 ቀን 1997 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለተወደድክ ልጄ ለዓሊ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ባለቤቴ አብዱልባሲጥ ደኅና ነው፤ ሁለቱ ልጆቼ ደኅና ናቸው፤ ሱቁም ደኅና ነው። ገበያው ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ባሮ ሞልቶ ከርሞ አሁን ዳር ዳሩን አሸዋውን ማሳየት ጀምሯል። የሰው አገር ፊት አይንሳህ፤ እጅህ የያዘው ሁሉ ይባረክልህ።

ከሄድክ ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው። እናትህ፣ የአክስቴ ልጅ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ብትኖር ኖሮ የምትጽፍልህ እሷ ነበረች። እሷ ስለሌለች እኔ ተተካሁ። በመሠረተ ትምህርት ያገኘሁት ፊደል ነውና አትሳቅብኝ። ያንተን ደብዳቤ የሚያነብልን አብዱልባሲጥ ነው። ፖስታውን ሱቅ ውስጥ ከፍቶ ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ደንበኛው ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማሃል። ሹፌሩ ቢየል ስለዚያ አገር ጭጋግ የጻፍከውን ከሰማ ወዲህ «ፀሐይ ከሌለ ልብስ በምን ይደርቃል?» እያለ ሳምንቱን ሙሉ አደረቀን። መልስለት።

አበባ ያለበት ቴርሞስ እዚያ ፋብሪካው ደጃፍ ስንት እንደሚያወጣ ጠይቅልኝ። ጥቁርና ቡናማ የቀሚስ ጨርቅም ጠይቅ፤ ወፍራም ይሁን። በጋምቤላ ሙቀት ወፍራም ጥቁር ማን ይለብሳል አትበለኝ፤ የሚለብስ አለ።

ደግሞ ትምህርቴ የሕክምና መሣሪያ ነው ትላለህ። ሰው ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። መርፌ ነው? መኪና ነው? አስረዳን።

ከአገርህ ያወጣህ ጌታ በሰላም ይመልስህ።
አክስትህ ከይሪያ


ቾንግቺንግ
ኅዳር 21 ቀን 1997 ዓ.ም.

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለተከበሩ እትዬ ከይሪያ፣ ለጋሽ አብዱልባሲጥና ለልጆቹ፣ በሱቁ ውስጥ ላሉትም ሁሉ ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ለቢየል ንገሩልኝ፤ ልብስ በረንዳ ላይ ሦስት ቀን ይሰቀላል፣ ከዚያ እርጥቡን እንለብሰዋለን።

የቴርሞሱንና የጨርቁን ዋጋ በሌላ ወረቀት ጽፌ አብሬ ልኬያለሁ። ቴርሞሱን በብዛት ለሚወስድ ይቀንሳሉ።

ስለ ሥራዬ ስለ ጠየቁኝ ደስ ብሎኛል፤ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለማ። ከዩኒቨርሲቲው ጎን ባለው ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምለማመደው። መሣሪያው አልጋ ያህላል። ከሥሩ ውሃ የሞላ ገንዳ አለ፣ ገንዳው ውስጥ ደግሞ ሳህን የመሰለ ነገር ተቀምጧል። ያ ሳህን ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ያወጣል። አቦቦ ሳለን እኛ ልጆች የአያቴን መነጽር ሰርቀን ፀሐይ እየሰበሰብን ደረቅ ሣር እናቃጥል እንደነበር ያስታውሳሉ? መነጽሩ አይቃጠል፣ አየሩ አይቃጠል፤ የሚቃጠለው ጨረሩ የተገናኘባት ነጥብ ብቻ ናት። ድምፁም እንዲሁ ቆዳን ሳይቆርጥ ያልፍና በማኅፀን ውስጥ የበቀለ ዕጢ ላይ ይገናኛል። ዕጢው ውስጥ ለውስጥ ይበስልና ይሞታል፤ ከዚያ በወራት ውስጥ እየሟሸሸ ይሄዳል። ወደ እኛ የሚመጡት ሴቶች ወር በመጣ ቁጥር ብዙ ደም የሚፈሳቸው ናቸው። ማኅፀናቸው ሳይወጣ፣ ሆዳቸው ሳይከፈት፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን በእግራቸው ይሄዳሉ።

እኔ የምጠብቀው የውሃውን ንጽሕናና የሙቀቱን ልክ ነው። ትንሽ ሥራ ትመስላለች፤ ግን ውሃው ውስጥ አንዲት የአየር ጠብታ ብትኖር ድምፁ መንገዱን ይስታል።

ዱዓችሁ አይለየኝ።
ዓሊ


ጋምቤላ
የካቲት 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ሰላም ለአንተ ይሁን ልጄ ዓሊ። አላህ ዕውቀትህን ያብዛልህ።

ደብዳቤህ ከደረሰን አርባ ቀን አልፎታል። ሳልመልስ የቆየሁት በሥራ ብዛት ነው።

አብዱልባሲጥ እንደ ልማዱ ሱቁ ውስጥ ቆሞ ያነብ ነበር። መነጽርና ሣር ላይ ሲደርስ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ሰገግ አደረገ። ቀጥሎ «በማኅፀን…» አለና ሳል ያዘው። ሳለ፣ ሳለ፣ ከዚያ ወረቀቱን አጠፈው። ቢየል «ቀጥል እንጂ፣ ምኑ ላይ ነው የሚገናኘው?» ቢለው «ዝናብ አበላሽቶታል፣ አይነበብም» ብሎ ኪሱ ከተተው። በበጋ ምን ዝናብ አለ! እኔ ስኳር እየመዘንኩ ነበር፤ እንዳልሰማ ሆንኩ። ማታ ኮቱን ስሰቅል አውጥቼ ራሴ አነበብኩት።

ለወሬ ያህል ነው የምጠይቅህ። ያ ድምፅ ያማል? ሴቶቹ አገራቸው እዚያው ነው ወይስ ከሌላም ይመጣሉ? ዕጢውስ ብርቱካን ቢያህል ያቃጥሉታል?

የሚቀጥለውን ደብዳቤህን በሱቁ ፖስታ ሣጥን አትላከው፤ ቁልፉ ተበላሽቷል። በሆስፒታሉ ሣጥን፣ ለነርስ ኛኩዎል ይድረስ ብለህ ላከው። ወዳጄ ናት፤ በታማኝነት ታደርስልኛለች።

ክፉ አይይህ።
ከይሪያ


ቾንግቺንግ
መጋቢት 14 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ከይሪያ፣ ሰላምና ጤና በቤትዎ ይሁን።

የሣጥኑ ቁልፍ በመበላሸቱ አዝናለሁ። ኛኩዎልን በእኔ ስም አመስግኑልኝ።

እኔም ለወሬ ያህል ልመልስ። ያማል፤ ግን የሚታገሡት ዓይነት ነው፤ ማስታገሻም ይሰጣሉ። አብዛኞቹ የዚህ አገር ሴቶች ናቸው፤ ባለፈው ወር ግን ከሌላ አገር ሁለት መጥተው ነበር። ብርቱካን የሚያህል ይታከማል፤ ሁሉም ግን አይደለም። አንዳንዱ ተቀምጦ የተገኘበት ቦታ አይመችም፤ አንዳንዱ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው። ያንን ሐኪም በቢላ ነው የሚያወጣው።

ክፍሉን የምትመራው ሐኪም ሴት ናት። ለወሬ ያህል ብዬ ብጠይቃት እሷም መልሳ ጠየቀችኝ። ወሬውን የጠየቀችው ሰው ዕድሜዋ ስንት ነው? ደሙ ስንት ቀን ይቆያል? በአልትራሳውንድ ታይታ ፎቶው አለ? የደሟ መጠን ተለክቷል?

እትዬ፣ እኔ ወንድ ነኝ፣ ገና ልጅም ነኝ። እናቴ ብትኖር ይህን ለእኔ አይጽፉም ነበር። ግን እናቴ የለችም፤ እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ። በዚህ ክፍል በየቀኑ የማየው ነገር ነውና አያፍሩብኝ።

ዓሊ


ጋምቤላ
ሚያዝያ 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ልጄ ዓሊ፣ ወሬውን የጠየቀችው እኔ ነኝ።

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደሙ አሥር ቀን፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት ቀን ይቆያል። ይኸው አራት ዓመቴ። ከሱቅ ወደ ቤት ስሄድ ልቤ እንደ ከበሮ ይመታል። ባለፈው ክረምት ጨው ስመዝን ወድቄ ራሴን ያገኘሁት በኛኩዎል ክንድ ላይ ነው። እሷ ያኔ ለመድኃኒት ቤቱ ሳሙና ልትገዛ መጥታ ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ወዳጄ ሆነች።

ይዛኝ ጅማ ሄደች። ለአብዱልባሲጥ ዕቃ ልናይ ነው አልነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየኝና «ማዮማ ይባላል። ካንሰር አይደለም፣ አትደንግጪ። ነገር ግን ደምሽን እየጨረሰው ነው። ማኅፀኑ በቀዶ ሕክምና ይውጣ» አለኝ። ጥሩ ሰው ነው፣ ቁጭ አድርጎ ነው ያስረዳኝ። እኔ ግን በኋላ በር ወጥቼ ወደ አውቶቡስ ተራ ገሰገስኩ። ኛኩዎል ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች ነው የደረሰችብኝ።

ምክንያቱን ላንተ ልንገርህ። ወሎ ሳለን፣ እኔ አሥር ዓመቴ እያለ፣ እናቴን ለሆድ ሕመም ሐኪም ቤት ወስደው ቀደዷት። በሁለተኛው ቀን በከፈን መጣች። ከዚያ ወዲህ ቢላ የያዘ ሐኪም ሳስብ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሞኝነት ነው በለኝ፤ እኔም ለራሴ ብዬዋለሁ፤ ጉልበቴ ግን አይሰማኝም።

ያንተን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ዐሥር ጊዜ አሰብኩና ለአብዱልባሲጥ ነገርኩት። ከዙህር ሶላት በኋላ ሰዉ ሙቀት ሸሽቶ ሲገባ የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ «የምነግርህ አለኝ» አልኩት።

«ንገሪኝ።»

«አሞኛል።»

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ደሙን። ይሄን ጥቁር ጨርቅ ከመርካቶ የማስመጣው ለማን ይመስልሻል? ሦስት ዓመት ሙሉ ለሌላ ሰው አንድ ክንድ ሸጬ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

አንገቱን ደፋ። «መልሱን ፈራሁት» አለኝ።

 ከዚያ ሳቅ አመለጠኝ፤ እሱንም ሳቅ አመለጠው። አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረን፣ እኔ ጨርቁን ከሱ ስደብቅ እሱ ጨርቁን ለእኔ ሲገዛ! ወላሂ፣ ያን ቀን ብቻ ግማሹ ሕመም የወረደልኝ መሰለኝ።

የአልትራሳውንዱን ፎቶ ኛኩዎል ከጅማ አስልካ ከዚህ ጋር አድርጋዋለች። የደሜን ልክ ሰባት ነው ብላ በቀይ ጽፋልሃለች። ለሐኪሟ አሳይልኝ። እዚያ ብመጣ ይቀበሉኛል ወይ?

የሣጥኑ ቁልፍ ደኅና ነው፤ በሱቁ ላክ።
ከይሪያ


ቾንግቺንግ
ሰኔ 27 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ከይሪያና ለጋሽ አብዱልባሲጥ፣ ሰላምታዬ ከአክብሮት ጋር ይድረሳችሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ዝም በማለቴ ይቅር በሉኝ። ፈተና ላይ ነበርኩ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ፈተናው ግን ከተፈጸመ ቆይቷል። እውነቱን ልጻፍ።

ፎቶውን በደረሰኝ ማግስት ለሐኪሟ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። «ዕጢው ስምንት ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ምናልባት ይቻላል፤ ምናልባት አይቻልም። ከበስተኋላው ያለውን ከዚህ ፎቶ ማየት አልችልም፤ ራሴ ካላየኋት ቃል አልሰጥም። ደሟ ደግሞ ሰባት ከሆነ አልነካትም፤ ቢያንስ አሥር ይግባ» አለችኝ።

ይህን ጽፌ ቀደድኩት። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ኑ ብያችሁ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጣችሁ መጥታችሁ፣ «አይሆንም፣ ተመለሺ» ብትባሉስ? በደብዳቤዬ ያጓጓሁዎት እኔ ነኝ። ስለ መሣሪያው ስጽፍ እንደ ሻጭ ነው የጻፍኩት፤ ያልተሳካላቸውን አልጻፍኩም። ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ቆዳዋ ላይ ተቃጥላ አንድ ወር ተኝታለች። ሌላዋ ከዓመት በኋላ ዕጢው ተመልሶ መጥታለች። ይህንንም ይወቁት።

የጅማው ሐኪም የነገረዎት ትክክለኛ ሕክምና ነው። እናቴ ብትሆን ምን እላት ነበር ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። «እማዬ፣ ሁለቱንም ነግሬሻለሁ፣ የምትመርጪው አንቺ ነሽ» እላት ነበር። ለእርስዎም ሌላ ቃል የለኝም።

ዓሊ


ጋምቤላ
ሐምሌ 24 ቀን 1997 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ዓሊዬ።

አብሽር! ደብዳቤህን አብዱልባሲጥ ከሱቅ ወደ ቤት ወስዶ፣ በር ዘግቶ፣ ለእኔ ብቻ አነበበልኝ። ሲጨርስ «ይሄ ልጅ አድጓል» አለ። እኔም ደስ አለኝ። እስካሁን የነገሩኝ ሁሉ ወይ «ምንም አትሆኚም» ወይ «ትሞቻለሽ» የሚሉ ናቸው። «ላይሆንም ይችላል» ብሎ የነገረኝ አንተ ብቻ ነህ።

ስማኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ። ነጋዴ ገበያ ሲወጣ ሁሉ ይሸጥልኛል ብሎ አይወጣም። ከመርካቶ ወደ ቻይናው ጓንጆ ዕቃ ለማምጣት የሚመላለሱ የወሎ ልጆች አሉ፤ ቪዛውንም መንገዱንም እነሱ ያሳዩናል። እኔና አብዱልባሲጥ ከኢድ በኋላ ከነሱ ጋር እንወጣለን። ሐኪሟ «ይሆናል» ካለች እታከማለሁ። «አይሆንም» ካለችም ቴርሞሴን ገዝቼ፣ አንተን በዓይኔ አይቼ እመለሳለሁ። ባዶ እጅ መመለስ የለም፤ አትጨነቅ። ከዚያ በኋላ ስለ ቢላው እኔና ጉልበቴ እንነጋገራለን።

ደሜን በተመለከተ ኛኩዎል ጠላቴ ሆናለች። በየቀኑ የብረት ክኒን ይዛ ሱቅ ትመጣና እስክውጥ ቆማ ታያለች። ወሩ ሲመጣም ደሙን የሚቀንስ ሌላ ክኒን ከሐኪም አጽፋልኛለች። ጉበት ብይ፣ ጎመን ብይ፣ ባቄላ ብይ። አብዱልባሲጥ በጠዋት ከሥጋ ቤት ጉበት ይዞ ሲመጣ የሠፈር ውሻ ሁሉ አጅቦት ነው። ባለፈው ሳምንት ሲለካ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። እልል በል!

ልጆቹ ከአብዱልባሲጥ እኅት ጋር ይቆያሉ፤ ሱቁን እሷ ትይዛለች።

በሰላም ያገናኘን።
ከይሪያ


ቾንግቺንግ
ነሐሴ 29 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ከይሪያ።

እልል ብያለሁ፤ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ደንግጦ ከአልጋው ተነሣ።

ሐኪሟ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ቀን ይዛልዎታለች። አንድ ነገር ግን አስቸግሮናል። በሕክምናው ጊዜ ታካሚዋ እንቅልፍ አትተኛም፤ ነቅታ ምን እንደሚሰማት በየደቂቃው መናገር አለባት፤ ድምፁ ነርቭ እንዳይነካ የሚጠብቃት የራሷ አፍ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ በዚህ ከተማ አማርኛ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። እርስዎ ተገልጠው እንደሚተኙ አውቃለሁና አልገባም አልኳት። እርስዎም አይፈልጉም፣ እኔም አልችልም።

ሐኪሟ አሰበችና «እንግዲያው እኔ እማራለሁ» አለች። ሦስት ቃል ጻፍኩላት፤ ይሞቃል፣ ያማል፣ ደኅና ነኝ። በቻይናኛ ፊደል ድምፁን ጽፋ ኪሷ ከታዋለች። በኮሪደሩ ስታገኘኝ ትለማመድብኛለች። ትናንት በሰው ሁሉ ፊት «ያማል!» ብላ ጮኸችብኝ።

እኔ በመስታወቱ ወዲያ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ውሃዬን እጠብቃለሁ።

ዓሊ


ጋምቤላ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ የዓይኔ ማረፊያ ዓሊ።

በሰላም ገባን። ቴርሞሶቹ አዲስ አበባ ድረስ በመርከብና በመኪና ገና እየመጡ ነው፤ እኛ ቀደምናቸው። ልጆቹ ደኅና ቆዩን። አልጋህን ለቀህልን አንተ መሬት ላይ መተኛትህን ሁሉ ለዘመድ አዝማድ ተናግሬያለሁ፤ መርቀውሃል።

አንተ በመስታወቱ ወዲያ ስለነበርክ ውስጥ የሆነውን አልጠየቅኸኝም፤ እኔም አልነገርኩህ። ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ባቡር ላይ፣ አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ስለ ቴርሞስ ብቻ ስናወራ ተለያየን። አሁን በወረቀት ይቀለኛል፣ ልንገርህ።

በመጀመሪያው ቀን ሐኪሟ ረጅም ጊዜ በአልትራሳውንድ አየችኝ። ጎንሽን አዙሪ፣ ትንፋሽ ያዢ፣ ልቀቂ እያለች በእጇ ትመራኛለች። ፊቷን አያለሁ፤ ፊቷ ምንም አይናገርም። «አበቃ፣ ቴርሞስ ብቻ ነው» ብዬ ልቤን አዘጋጀሁ። ከዚያ አውራ ጣቷን ቀጥ አድርጋ አሳየችኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት፤ አብዱልባሲጥ ግን ያሳመሙኝ መስሎት ነርሶቹን ሊጣላ ነበር።

በማግስቱ ጾሜን ገባሁ። በሆዴ አስተኙኝ። ሆዴ ውሃውን ሲነካ ቀዝቃዛ ነበር፤ ያንተ ውሃ ነው ብዬ ቢስሚላህ አልኩ። ድምፅ ነው ስትለኝ የሚጮህ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ምንም አልሰማሁም። ቀጥሎ ከውስጥ አንድ ነጥብ ላይ ሙቀት ተሰማኝ። ጠፋ። ደግሞ መጣ። «ይሞቃል» አልኩ፤ ሐኪሟ «ይሞቃል» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ትንሽ እንደቆየ ሕመሙ በወገቤ ዞሮ እስከ ግራ እግሬ ወረደ። ዝም አልኩ። እኔ በምጥ እንኳ ያልጮኽኩ ሴት ነኝ። ጥርሴን ነከስኩ። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ፊቴን አየችውና በዚያች በምትገርም አነጋገሯ «ያማል?» አለችኝ።

«ደኅና ነኝ» አልኳት።

አላመነችኝም። እጄን ያዘችና እንደገና «ያማል?» አለች።

«ያማል» አልኩ። ወዲያው ቆመ። ሁሉም ነገር ቆመ። ሰዉ ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ትንሽ አስጠጉኝ፣ አስተካከሉኝ፣ ከዚያ ቀስ ብለው በሌላ አቅጣጫ ጀመሩ። ዓሊ፣ በዕድሜዬ «ያማል» ብዬ አንድ ነገር ሲቆምልኝ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ አላፈርኩም። ባመመኝ ቁጥር ተናገርኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ አሉኝ። ስወጣ አብዱልባሲጥ ሙስበሓውን እየቆጠረ ከአንድ ሚስቱን ከሚጠብቅ ቻይናዊ ጎን ተቀምጧል። አንድ ከረጢት የሱፍ ፍሬ አብረው ጨርሰዋል። ቋንቋ ሳይገናኙ ምን እንዳወሩ ብጠይቀው «ስለ ሚስቶቻችን» አለኝ።

ያንን ሳምንት ሆዴ ውስጥ እንደ በለዘ ነገር አመመኝ፤ አሁን ለቆኛል። የመጀመሪያው ወር መጥቷል፤ ዘጠኝ ቀን ቆየ። ብዙ አልተለወጠም። ሐኪሟ ታገሺ፣ ጊዜ ይወስዳል ስላለች እየታገሥኩ ነው።

አላህ ወሮታህን ይክፈልህ፤ እኔ አልችልም።
ከይሪያ


ቾንግቺንግ
የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ከይሪያ፣ ጤናዎ ይጽና።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለተኛው ወደ ውጭ ወጥቼ ነው የጨረስኩት። እኔ በመስታወቱ ወዲያ መቆሙን አየሁ እንጂ ለምን እንደ ቆመ አላወቅሁም ነበር። አራት ጊዜ ነው የቆመው። በአራተኛው ውሃውን ለጓደኛዬ አስረክቤ ደረጃው ላይ ተቀምጫለሁ። ይህንን ለማንም አይንገሩ።

ሐኪሟ ደኅንነትዎን ትጠይቃለች። አሁን ለሌሎች ታካሚዎች ሳይቀር «ደኅና ነኝ!» ብላ ሰላምታ ትሰጣለች። ሴቶቹ የእንግሊዝኛ ቃል ይመስላቸዋል። በስድስተኛው ወር አልትራሳውንድ ተነሥተው ፎቶውን ይላኩልን ብላለች።

እኔ ትምህርቴን በሐምሌ እጨርሳለሁ። ሁለት ዓመት እዚህ እንድሠራ ጠይቀውኛል። ምን ይመክሩኛል?

እና እትዬ፣ እውነቱን ጻፉልኝ። ደኅና ነኝ ብለው አይለፉኝ።

ዓሊ


ጋምቤላ
ሰኔ 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ለልጄ ለዓሊ፣ ጤናህ እንደ ባሮ ውሃ አይጉደልብህ።

እውነቱን ጻፉ ብለሃልና እጽፋለሁ። በሦስተኛው ወር ደሙ ሰባት ቀን ሆነ፤ አሁን አምስት ቀን ነው። አልፎ አልፎ ወገቤን ይቆረጥመኛል። ዕጢው አልጠፋም፤ ጅማ ሄጄ ታይቼ ስምንት የነበረው አራት ከምናምን ሆኗል። ፎቶው አብሮ አለ። የደሜ ልክ አሥራ ሁለት ተኩል ነው፤ ኛኩዎል በአረንጓዴ ጽፋዋለች። ሊመለስ ይችላል ያልከውን አልረሳሁም፤ በየዓመቱ እታያለሁ። ይኸው እውነቱ። በእውነት ደኅና ነኝ።

መመለሱንና መቆየቱን በተመለከተ ቆይ እልሃለሁ። ሁለት ዓመት ሩቅ አይደለም። ዕውቀቱን ጨርሰህ ይዘኸው ና።

ጅማ የሄድኩት ግን ለራሴ ብቻ አልነበረም። የኛኩዎል ታላቅ እኅት ኛዴንግ ከኢታንግ መጥታ ነበር። የእሷም ያው የእኔው ሕመም ነው፤ ሆዷ ግን የሰባት ወር እርጉዝ ይመስላል። ቀደም ብለን የላክንልህን የእሷን ፎቶ አይታ ያንተዋ ሐኪም «ይህ ለእኛ አይሆንም፣ ቢላ ነው» ማለቷን የጻፍክልን ጊዜ ኛኩዎል አለቀሰች። ኛዴንግ «አልሄድም» አለች። አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ ቃሉ ግን በማንም ቋንቋ ይገባል።

እኔ አብሬ እሄዳለሁ አልኩ። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። አብዱልባሲጥ ዞር ብሎ አየኝ። ጠዋት ላይ የሱን ሻንጣ ከእኔ ሻንጣ ጎን አየሁት።

ጅማ ደም አምጡ አሉን። ኛኩዎል ሰጠች፤ አብዱልባሲጥ ሰጠ፤ ያመጣን ሹፌር ቢየልም እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። እኔ ልስጥ ብል ሐኪሙ ሳቀና «አንቺ ያገኘሽውን ያዢ» አለኝ። ያው ሐኪም ነው። በኋላ በር የሸሸችውን ሴት አላወቃትም ብዬ ነበር፤ ለካ አውቋታል።

ወደ ቀዶ ክፍሉ ሊያስገቧት በተሽከርካሪው አልጋ ላይ ተኝታ፣ ኛዴንግ ክንዴን ጨበጠች። «እናትሽ በዚህ ሞተ?» አለችኝ። ኛኩዎል ነግራታለች።

ልዋሽ ነበር። አልዋሸሁም። «አዎ፣ ሞተች። የሄድነው መሽቶብን ነው፤ ደም የሚሰጣት ሰው አልነበረም። አንቺ በጊዜ መጥተሻል። የሦስት ሰው ደም ይጠብቅሻል» አልኳት። ኛኩዎል በኑዌር ቋንቋ ደገመችላት። ኛዴንግ ትንሽ አሰበች። «የማን የማን?» ብላ ጠየቀች። ነገርናት። «የቢየል አይሁን፣ ያ ሰው ብዙ ያወራል» አለች። አልጋውን የምትገፋዋ ሳትቀር ሳቀች፤ በሳቅ ነው የገባችው።

ሦስት ሰዓት ቆምኩ። ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልሸሸም። ሐኪሙ ወጥቶ «አበቃ፣ ደኅና ናት» ሲል ግድግዳውን ተደግፌ ወደ ታች ተንሸራትቼ ተቀመጥኩ።

በዐሥረኛው ቀን ተመለስን። የኛኩዎል ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ ኛዴንግ «አቁም» አለች። «በእግሬ ነው የምሻገር።» ሐኪሙ ቀስ ብላ ትራመድ ብሏልና አልከለከልናትም። መኪናው ቀድሞን ሄደ። እኔ በቀኟ፣ ኛኩዎል በግራዋ፣ ውሃው ከሥራችን ቀልቷል፣ ልጆች ዳር ላይ ዓሣ ያጠምዳሉ። መሃል ላይ ስንደርስ ቆም ብላ ተነፈሰች። «ያምሻል?» አልኳት።

«ትንሽ» አለች። እንደገና ተራመደች።

ማዶ ስንደርስ አብዱልባሲጥና ቢየል የመኪናውን በር ከፍተው ይጠብቁናል። ኛዴንግ ግን አልፋቸው ሄደች።

አክስትህ ከይሪያ